ያረጀ ስፖርት መኪና ሲዝግ ከአምራቹ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

አዳማ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪናዬ የኋላ ጎማ ፊት ለፊት ባለው ላሜራ ላይ ሽምብራ የሚያህል እብጠት አየን። ላሜራ ሠሪው ወዲያው ግራይንደሩን አነሳ። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ቆርጬ፣ በስቱኮ ሞልቼ አስረክብዎታለሁ» አለኝ። እጁን ያዝኩት። ያን ቀን ቢነካው ኖሮ ለአምራቹ የማሳየው ማስረጃ አይኖረኝም ነበር። የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው፦ ዝገቱን አይንኩ፣ አያስነኩ።

ቀጥሎ የዝገቱን ዓይነት ይለዩ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አምራቾች የሚሰጡት የዝገት ዋስትና በአብዛኛው የሚሸፍነው ከውስጥ ወደ ውጭ በልቶ ላሜራውን የበሳውን ዝገት ብቻ ነው። ለምሳሌ ኦዲ ለዚህ 12 ዓመት ይሰጣል። ጠጠር ቀለሙን ልጦ ከውጭ ያስጀመረው ዝገት አይካተትም። መኪናውን በጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁመው ከሥር በባትሪ ይመልከቱ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉ፤ ብረት በሆነው ክፍል ላይ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ ከእርስዎ በፊት የጠገነው ሰው ነበር ማለት ነው። አሉሚኒየምም ማግኔት አይዝምና ይህ እንዳያሳስትዎ፤ እርሱ ሲበላ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ነው።

ከበሩ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም ይፈትሹ። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከእጥበት ውኃ ጋር ጭቃ ሆኖ ይደፍናቸዋል፤ ያኔ አምራቹ «የእንክብካቤ ጉድለት ነው» ሊል ይችላል። የእኔዎቹ ክፍት ስለነበሩ ከጎናቸው ማስመሪያ አስቀምጬ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አነሳኋቸው።

ከዚያ ሰነድ ያሰባስቡ፦ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ ሊብሬ፣ የሰርቪስ ደብተር። የዋስትናው ጊዜ የሚቆጠረው መኪናው በጅቡቲ በኩል ከገባበት ቀን ሳይሆን ለመጀመሪያው ገዢ ከተሰጠበት ቀን ነው። ቀኖቹን ሁሉ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይመልሱ። በእኛ 2008 ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ውጭ አገር ሲነበብ መኪናዎን በ7 ወይም በ8 ዓመት ሊያስረጅብዎ ይችላል። ዋስትናው በብዙ አምራቾች ዘንድ ከመኪናው ጋር ስለሚተላለፍ፣ ሁለተኛ ባለቤት መሆንዎ ብቻውን አይከለክልዎትም። የሚሠራበት አገር የተገደበ መሆን አለመሆኑን ግን በደብተሩ ላይ ያንብቡ።

አሁን ይጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ቁጣም አይኑርበት። ለአገር ውስጥ ወኪሉና ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት በአንድ ቀን ይላኩት፤ የሚፈልጉትንም ለይተው ይጥቀሱ። ጊዜው ካላለፈ ሙሉ ጥገና ይጠይቁ። ካለፈ ደግሞ አምራቹ በበጎ ፈቃዱ ከወጪው ድርሻ እንዲሸፍን ይጠይቁ፤ ያኔ ሰርቪሱ በወቅቱ መደረጉ ትልቅ ክብደት አለው።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ እምቢታ ነበር። «የከለከላችሁበትን አንቀጽ ጥቀሱልኝ» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ የላሜራውን ዋጋ እነርሱ፣ የእጅ ዋጋውን እኔ እንድንችል ተስማማን።

ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ጥገና አያስጀምሩ። ሲቆረጥም ላሜራ ሠሪው አሮጌውን ቁራጭ እንዳይጥለው ይንገሩት። በውስጥ በኩል የተበላው ፊቱ ከማንኛውም ፎቶ ይልቅ ይመሰክራልና ገንዘቡ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ያስቀምጡት።