ስልካችሁ ከመኪናው ስክሪን ጋር አልገናኝ ሲል፦ ድሬ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬ ወደ ሐረር ልንወጣ ስንል የአጎቴ ልጅ ሩብ ሰዓት ያህል ከስክሪኑ ጋር ታገለ። ስልኩን ይሰካል፣ ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይመጣም። "ይሄ ቴፕ ሞቷል፣ ማስቀየሬ ነው" አለኝ። የአዲስ ስክሪን ዋጋ ሁሉ አጠያይቆ ነበር። የእኔን ገመድ አውጥቼ ሰካሁለት። ወዲያው አንድሮይድ አውቶ፣ ማለትም የአንድሮይድ ስልክን ካርታና ዘፈን መኪናው ስክሪን ላይ የሚያመጣው፣ ብቅ አለ።

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ገመድ ሁሉ አንድ ይመስለናል። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ዳታ። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች የዳታ ሽቦ ጭራሽ የላቸውም። ከውጭ አይታወቅም። አሸዋ ገበያ ስትገዙ "ዳታ ያስተላልፋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትገቡ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ የስልካችሁ ፎቶዎች ከታዩ ገመዱ ደህና ነው። ከአንድ ሜትር ባይረዝም ደግሞ ይመረጣል።

ገመዱ ጥሩ ሆኖ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ የስልኩን ቀዳዳ እዩ። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። ከኪስ ብናኝ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጠቃል። የእኔን ስልክ አጥፍቼ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብዬ ስፍቀው ምስር የሚያክል ግራጫ ነገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገመዱ ቀጭ ብሎ ይገባል። በመርፌ ግን እንዳትሞክሩት፤ ውስጡን ያበላሻል።

የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ መሰካትም አለ። መኪናው ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገረው አንዱ ብቻ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ያለው በአብዛኛው ለቻርጅ ነው።

ሌላው፣ መኪናው የሌለውን ነገር መጠበቅ ነው። ብሉቱዝ አለው ማለት ካርፕሌይ (የአይፎኑ ማለት ነው) ወይም አንድሮይድ አውቶ አለው ማለት አይደለም። ብሉቱዝ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ስልክ ያነጋግራል፤ ካርታ ስክሪኑ ላይ አያመጣም። ካርፕሌይ የመጣው በ2014፣ አንድሮይድ አውቶ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ እነዚህ የሉትም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ አንድሮይድ አውቶ የላቸውም፤ እዚያ አገር የጉግል አገልግሎት አይሠራምና። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጋቢና ግቡና የራሳችሁን ስልክ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሻጩ "አለው" ስላለ ብቻ እሺ አትበሉ።

ከጃፓን የመጣ የድሮ ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ በኤፍኤም ማስተላለፊያ፣ የስልኩን ዘፈን በመኪናው ሬዲዮ በሚያሰማው ትንሽ ዕቃ፣ ትጠቀሙ ይሆናል። 100 ላይ አድርጋችሁ "አይሠራም" ብላችሁ እንዳትጥሉት። የእነዚህ የድሮ የጃፓን መኪናዎች ሬዲዮ ብዙ ጊዜ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚይዘው። ማስተላለፊያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ87.5 ይጀምራል። ሁለቱ የሚገናኙት በ87.5 እና በ90 መካከል ነው፤ ጣቢያ የሌለበትን ባዶ ቦታ እዚያ ፈልጉ።

ያለ ገመድ የምትጠቀሙ ሰዎች ዋይፋዩን አታጥፉ። "ዳታ ይበላብኛል" ብሎ የሚያጠፋው ብዙ ነው። ብሉቱዙ ሁለቱን ያስተዋውቃል እንጂ ካርታውንና ድምፁን የሚያመላልሰው ዋይፋዩ ነው። ይሄ በስልኩና በመኪናው መካከል ስለሆነ ካርድ አይቆርጥም። አንድሮይድ ከሆነ አብዛኛው ስልክ ቢያንስ አንድሮይድ 11 መሆን አለበት፤ በገመድ ከሆነ በ10ም ይሄዳል።

ግንኙነቱ አንዴ ከተበላሸ ከስልኩ ላይ ብቻ አጥፍቶ እንደገና መሞከርም አያዋጣም። መኪናው የድሮውን ይዞ ይቆያል። ከሁለቱም ሰርዙ፣ ሁለቱንም አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አገናኙ። የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄም ሳታነቡ "አይ" አትበሉ፤ ስልኩ ላይ ያለው ስም ዝርዝር ስክሪኑ ላይ የማይመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ ስም ዝርዝር ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ለወንድሜ ሰርግ የተከራየነው መኪና ስክሪን ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ስምና ስልክ ተደርድሮ አገኘነው። "እማዬ" የሚል ሁሉ ነበረበት። ያ ሰው የእናቱን ቁጥር ለማያውቀው ሰው ትቶ ሄዷል። የተከራያችሁትን ስትመልሱ፣ የራሳችሁንም ስትሸጡ፣ የስክሪኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልካችሁን ሰርዙ።

ሙቀቱን ደግሞ አትናቁት። አፕል አይፎን የሚሠራበት ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከዚያ ታልፋለች፤ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ አይወራም። ስልኩን መስታወቱ ስር ለፀሐይ አጋልጣችሁ፣ ካርታ ከፍታችሁ፣ ቻርጅ ጨምራችሁበት፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ብታቆሙ እንኳ ስልኩን ይዛችሁ ውረዱ።

ለሐረር መንገድ ካርታውን ቤት ሆናችሁ አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ። ዘፈኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ምረጡ። ደንገጎ ላይ መጠምዘዣው ተከታታይ ነው፣ ከባድ መኪናውም ብዙ ነው። ቅዳሜ ዕለት የአጎቴ ልጅ እዚያው ላይ እጁን ወደ ስክሪኑ ሰደደ። "አቦ ተው፣ እኔ እቀይርልሃለሁ" አልኩት። ጋቢና ሰው ካለ እሱ ይቀይርላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ዳር ያዙና አቁሙ።