የኤችሲአይ ሴሚናር ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር፣ ባጭሩ ኤችሲአይ፣ በማስተርስም ሆነ በፒኤችዲ ሴሚናር ሲሰጥ መልኩ ብዙ አይለያይም። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ፔፐር ይነበባል። አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይሞግታል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትንሽም ብትሆን የራስ ጥናት ትጠበቃለች። ከኮምፒውተር ሳይንስ ለመጣ ተማሪ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ብዙ ኮድ የለ፣ ከባድ ሒሳብ የለ። ጣጣው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ኮድ ሲበላሽ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይናገራል። ሰው ሳይገባውም «ገባኝ» ይላል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፔፐሩን እንደ ተረት መተረክ

አቅራቢው መዓት ስላይድ ይዞ ይመጣል። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኮ አንብቦታል፤ ቢያንስ አንብቧል ተብሎ ይታሰባል። የሚፈለገው ሌላ ነው። ጸሐፊዎቹ አዲስ ያመጣነው ይሄ ነው የሚሉት ምኑን ነው? ያቀረቡት ማስረጃስ ለዚያ ይበቃል?

የመስኩ ተመራማሪዎች ጄኮብ ዎብሮክና ጁሊ ኪየንትዝ በ2016 የመስኩን አበርክቶዎች በሰባት ከፍለዋቸዋል፦ በጥናት የተገኘ ግኝት፣ አዲስ የተሠራ ነገር፣ ዘዴ፣ ቲዎሪ፣ የመረጃ ስብስብ፣ የጥናቶች ዳሰሳና ሙግት። ፔፐሩ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መተቸት ከንቱ ድካም ነው። ከዚህ በፊት ያልነበረ መሣሪያ ሠርቶ ያሳየን ሰው «ተሳታፊዎችህ 12 ብቻ ናቸው» ተብሎ ሲወረፍ ማየት ያሳዝናል።

የድሮውን ሥራ በዛሬ ዓይን መናቅ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማውስን፣ ሃይፐርቴክስትን (በማስፈንጠሪያ የተያያዘ ጽሑፍን)፣ የቪዲዮ ንግግርንና አብሮ መጻፍን በአንድ መድረክ አሳየ። «አሁን ስልኬ ላይ ሁሉም አለ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ልክ ነው፣ አለ። የኤንግልባርት ጥያቄ ግን የሰው አስተሳሰብ በማሽን እንዴት ይታገዛል የሚል ነበር፤ እሱ ደግሞ ዛሬም አልተመለሰም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው የፖል ፊትስ የ1954 ጥናትም ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ሰዎች በብረት ብዕር ሁለት ሰሌዳዎችን እያፈራረቁ ሲነኩ ነው የለካው። ከዚያም ዒላማው ሲርቅና ሲጠብ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በ1978 እነ ስቱዋርት ካርድ ማውስን ከጆይስቲክና ከቁልፎች ጋር ሲያወዳድሩ ያንኑ ቀመር ተጠቀሙበት። ዛሬ የስልካችን አዝራር ምን ያህል ይስፋ ስንልም እሱኑ ነው የምናነሳው።

«ወደዱት» ብሎ መደምደም

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

እንበል ለባለ ሱቆች የዱቤ መዝገብ አፕ ሠርታችኋል። መርካቶ አካባቢ አንዲት እናት ዘንድ ትሄዳላችሁ። ስልኩን ትሰጧቸዋላችሁ፤ ጎንበስ ብላችሁ «ይቺን ይንኳት፣ አሁን ደግሞ ይቺን» እያላችሁ ታሳያላችሁ። በመጨረሻም «እንዴት አዩት እማማ?» ትላላችሁ። «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ በርታ፣ እግዜር ያሳድግህ።» እናንተ ማስታወሻችሁ ላይ «ተጠቃሚዋ ወደደችው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እሳቸው ደግሞ ገና ከደጃፋቸው ሳትርቁ ጠርዙ የተበላውን ደብተር አውጥተው የጎረቤቱን ግማሽ ኪሎ ስኳር ይመዘግባሉ።

ማንም አልዋሸም። ለፍቶ የመጣን ልጅ ፊት ለፊት ማሳፈር ነውር ስለሆነ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እነ ኒኮላ ዴል በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ 450 ቃለ መጠይቅ አድርገዋል። በቴክኒክ ፍጹም አንድ ከሆኑ ሁለት ነገሮች የትኛውን ትመርጣላችሁ ብለው ጠየቁ። ልዩነቱ አንዱ ጠያቂው የሠራው እንደሆነ መነገሩ ብቻ ነበር። ሰዎቹ የጠያቂውን የመምረጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆነ። ጠያቂው በአስተርጓሚ የሚያወራ የውጭ ተመራማሪ ሲሆን ደግሞ 5 እጥፍ ደረሰ። ሆን ተብሎ ሲበላሽበት እንኳ የጠያቂው ነበር የሚመረጠው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ላፕቶፕ ይዛችሁ ለመስክ ሥራ አዲስ አበባ የምትመጡ ልጆች ይቺን ቁጥር ግድግዳችሁ ላይ ለጥፏት።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አትበሉ። ከተቻለ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን። ሁለተኛ፣ አስተያየት ከመጠየቅ ሥራ ስጡ። «ጎረቤትዎ ባለፈው ሳምንት የወሰደው ስንት ብር ይሆናል? እስቲ እዚህ ላይ ያሳዩኝ» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ እጃችሁ ስልኩን ሊነጥቅ ይቃጣዋል። ቻሉት። ጣታቸው የት ላይ እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለሱ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ነቀፋውን በሌላ ሰው በኩል አስወጡት፦ «እህትዎ ቢጠቀሙበት የቱ ጋ የሚቸገሩ ይመስልዎታል?» ስለ እህታቸው እያወሩ የራሳቸውን ችግር ይነግሯችኋል።

ቅደም ተከተልን መርሳት

ሁለት የአማርኛ ኪቦርድ እያወዳደራችሁ ነው። ሁሉም ተሳታፊ መጀመሪያ በነባሩ፣ ቀጥሎ በእናንተ አዲሱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አዲሱ ፈጠነ። ፈጠነ ወይስ ዓረፍተ ነገሩን ለመዱት? ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይጀምር። ክብደታቸው የተቀራረበ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮችም አዘጋጁ።

ተቃራኒውም አለ። ሰውየው ነባሩን ለዓመታት ጽፎበታል፣ የእናንተን ግን ገና ከሩብ ሰዓት በፊት ነው ያየው። በአንድ ቀን ሙከራ ቢሸነፍ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለጥቂት ቀናት አስለምዱና ለኩ።

«አምስት ሰው ይበቃል»

አንድን ዲዛይን ለመፈተሽ አምስት ሰው ይበቃል የሚለው አባባል የመጣው ከጄኮብ ኒልሰንና ከቶማስ ላንዳወር የ1993 ሥራ ነው። አንድ ሞካሪ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ካገኘ፣ አምስት ሰዎች 85 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። ሒሳቡ ስህተት የለበትም። ግን ለምን ተብሎ የተሰላ ነው? የአንድን ዲዛይን ችግር ለቅሞ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና ለመሞከር ነው። «የእኔ ከእሱ ይበልጣል» ለማለት አምስት ሰው አይሆንም።

የኤስዩኤስን ነጥብ እንደ መቶኛ ማንበብ

ኤስዩኤስ፣ አንድ ሥርዓት ለአጠቃቀም ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ለመለካት ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀው መጠይቅ፣ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ተሳታፊው ለእያንዳንዱ ከ1 (በጭራሽ አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ይመልሳል። ጎዶሎ ቁጥሮቹ (1ኛ፣ 3ኛ…) ያወድሳሉ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ (2ኛ፣ 4ኛ…) ይነቅፋሉ። ከጎዶሎዎቹ መልስ ላይ 1 ትቀንሳላችሁ፤ የሙሉዎቹን መልስ ከ5 ላይ ትቀንሳላችሁ፤ ድምሩን በ2.5 ታባዛላችሁ። የሚገኘው ከ0 እስከ 100 ስለሆነ ብዙ ሰው «70 በመቶ ረክቷል» ይላል። አይደለም። በተሰበሰቡ ብዙ ጥናቶች አማካዩ 68 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 70 መካከለኛ ነው፣ ዕልል አያሰኝም።

አሁን ከላይ ያነሳናቸው እማማ አሥሩንም «5፣ በጣም እስማማለሁ» ላይ ቢያከቡላችሁስ? አስሉት፤ 50 ይወጣል። እሳቸው ሊያከብሯችሁ ነበር፣ አፓችሁ ግን ወደቀ። ነጥቡን ከመደመራችሁ በፊት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ላይ የተከበበ ካለ ሰውየው አላነበበውም፣ ወይም ማስቀየም አልፈለገም።

ዶርም ጓደኛን «ተጠቃሚ» ማለት

ሁላችንም እናውቃለን፣ ቀነ ገደብ ሲደርስ የሚገኘው እሱ ነው። ለፓይለት (ለቅድመ ሙከራ) ምንም አይደለም። ለዋናው ጥናት ግን ኮምፒውተር የሚያጠና የ24 ዓመት ልጅ ስለ ባለ ሱቋ ምንም አይነግራችሁም። በትልቁ የመስኩ ጉባኤ፣ በሲኤችአይ፣ የቀረቡ የአምስት ዓመት ሥራዎች ሲመረመሩ 73 በመቶ የሚሆኑት ግኝቶች በምዕራባውያን ተሳታፊዎች ላይ የተመሠረቱ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ በ2021 የወጣ ነው። ሴሚናሩ ላይ የምታነቡት «ተጠቃሚ» ማን እንደሆነ በየሳምንቱ ብትጠይቁ አሰልቺ አትባሉም።

የሥነ ምግባር ፈቃድን ለመጨረሻ ማቆየት

ባጭሩ፦ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ አመልክቱ። ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴ በወር አንዴ ብቻ የሚሰበሰብ ሊሆን ይችላል። አንድ ማብራሪያ ጠይቆ ቢመልስባችሁ ሌላ ወር ሄደ ማለት ነው። ፈቃዱ ሳይወጣ የሰበሰባችሁት ቃለ መጠይቅ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴሲስ ውስጥ ማስገባት አትችሉም። የስምምነት ቅጹንም ተሳታፊው በሚናገረው ቋንቋ አዘጋጁ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በቃል ተነቦለት እሺታው በድምፅ የሚቀዳበትን መንገድ ማመልከቻው ላይ ከጅምሩ አስገቡ።