የጃቫ ፕሮግራም ሜሞሪ እያፈሰሰ (የማያስፈልገውን ሳይለቅ እያከማቸ) መሆኑን ከጋርቤጅ ኮሌክተሩ ቁጥሮች እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ሜሞሪው 90 በመቶ ሞላ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ብዙም አይነግርም። ጃቫ የተሰጠውን ሂፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸው ኦብጀክቶች (የመረጃ ዕቃዎች) የሚቀመጡበትን ሜሞሪ፣ እየሞላ ይሄዳል፤ ከዚያ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ የማይፈለገውን ያጸዳል። ስለዚህ ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ መውጣትና መውረዱ ጤነኛ ነው። ዓይንዎን ከጫፉ ያንሱና ከጽዳት በኋላ የሚቀረውን ይዩ።

መጀመሪያ ሎጉን (የጽዳቶቹን መዝገብ) ያብሩ። ከጃቫ 9 ጀምሮ ፕሮግራሙን ሲያስነሱ የኤክስሎግ ጂሲ (-Xlog:gc) አማራጭን መጨመር ይበቃል። እያንዳንዱ ጽዳት በአንድ መስመር ይጻፋል። ለምሳሌ 800 ሜጋባይት የነበረው ወደ 300 ወረደ፣ ጠቅላላ ሂፑ 1024 ነው፣ ጽዳቱ ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ፈጀ ይላል። የእርስዎ ቁጥር 300ው ነው።

ግን የትኛውን ጽዳት ነው የምናወዳድረው? ትንንሾቹ ጽዳቶች በአብዛኛው አዳዲስ ኦብጀክቶችን ብቻ ስለሚነኩ ያሳስታሉ። የቆየው ክፍልም፣ ማለትም ረጅም ጊዜ የኖሩ ኦብጀክቶች ያሉበት የሂፑ ክፍል፣ የሚጸዳበትን ሙሉ ጽዳት ይያዙ። ካልመጣ ጄሲኤምዲ (jcmd) በተባለው መሣሪያ ማዘዝ ይቻላል። ፕሮግራሙን ለአፍታ ቀጥ ስለሚያደርገው፣ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት ባይሞክሩት ይሻላል።

አሁን ተመሳሳይ ሥራ ባለባቸው ሰዓታት ያወዳድሩ። የሚቀረው 300፣ ከዚያ 380፣ ከዚያ 460 እያለ ከወጣ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ፕሮግራሙ እንደተነሳ ካሽ (ለፍጥነት ተብሎ የሚያዝ መረጃ) ሲሞላ ከፍ ብሎ ከረጋ ግን ችግር የለም። አትቸኩሉ።

ሙሉ ጽዳቶች እየተደጋገሙ የቆየው ክፍል አልቀንስ ካለ ነገሩ ገፍቷል። ፓራለል የተባለው ኮሌክተር 98 በመቶ ጊዜውን በጽዳት አሳልፎ ከሂፑ 2 በመቶ እንኳ ማስለቀቅ ሲያቅተው በኤረር እጁን ይሰጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሂፑን ያሳድጋሉ። የሚገዛው ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው እዚያው ነው።

ጥፋተኛውን ለማግኘት በዚያው ጄሲኤምዲ የኦብጀክቶችን ቆጠራ ሁለት ጊዜ፣ በሰዓታት ልዩነት ያውጡ። ቁጥሩ ያበጠውን ክላስ (የኦብጀክት ዓይነት) ይለዩ። ከዚያ ሂፕ ደምፕ (የሂፑን ይዘት ቅጂ) ወስደው ኢክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር በተባለው ፕሮግራም ማን ይዞት እንደቀረ ይከተሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ገደብ የሌለው ካሽ፣ ስታቲክ ማፕ (ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚቆይ የመረጃ ማከማቻ) ወይም ተመዝግቦ ያልተሰረዘ ሊስነር (አንድ ክስተት ሲመጣ የሚጠራ ኮድ) ነው። ደምፑ ውስጥ የደንበኞች መረጃና ፓስወርድ ሊኖር ይችላል፣ በቴሌግራም አይላላክ።

ከጽዳት በኋላ የሚቀረው ረግቶ የፕሮግራሙ ጠቅላላ ሜሞሪ ግን ካደገ፣ ፍሳሹ ከሂፑ ውጭ ሊሆን ይችላል። ያኔ የጃቫን ኔቲቭ ሜሞሪ ትራኪንግ (ጃቫ ራሱ የሚጠቀመውን ሜሞሪ መከታተያ) አብርተው ፍለጋውን ከዚያ ይጀምሩ።