ቴስታታ ሲገጠም ቫልቭ የሚያጣምሙ ስህተቶች

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጊቤ ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ራዲያተሩ የደከመ ሞተር አቀበቱ ላይ ይግላል፣ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይፈታል። ይህ የሙቀት ጥፋት ነው፤ በሹፌሩም በመንገዱም ሊሳበብ ይችላል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ደርሶ፣ ፊቱ ተስተካክሎ ከተመለሰ በኋላ የሚጣመም ቫልቭ ግን የገጣሚው ጥፋት ነው። ባለቤቱ ሁለተኛ ጓርኒሲዮንና አዲስ ቫልቭ እንዲገዛ የሚገደደው አብዛኛውን ጊዜ ሊቀሩ በሚችሉ ጥቂት ስህተቶች ነው።

ትልቁ ስህተት 1ኛና 4ኛ ፒስተን ጫፍ ላይ ቆመው ሳለ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የታሰረበትን ቴስታታ ሞኖብሎኩ (ፒስተኖቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ላይ ማውረድ ነው። ብዙ ጀማሪዎች «ምልክቱ ላይ አቁሞ መግጠም» ሲባል ሰምተው ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ያቆማሉ፤ ያ ምልክት ደግሞ 1ኛና 4ኛ ፒስተን ጫፍ የሚደርሱበት ነው። ካምሻፍቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆም የሆነ ሲሊንደር ላይ የተከፈተ ቫልቭ አለ። ያ ቫልቭ ጫፍ ላይ ካለ ፒስተን በላይ ከዋለ፣ የቴስታታው ቡሎን ሲጠብቅ ቫልቩ በፒስተኑ ላይ ይጫናል። ድምፅ አያሰማም፤ እጅም ላይ አይታወቅም፤ ቡሎኑ ጠበቅ ያለ ብቻ ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላይ ክራንክሻፍቱን ከምልክቱ 90 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሱት። ያኔ አራቱም ፒስተኖች ወደ መሃል ይወርዳሉ፤ የትኛውም ቫልቭ ቢከፈት የሚነካው የለም። ቴስታታውን አውርዱ፣ ቡሎኑን በቅደም ተከተሉ አጥብቁ፣ ካምሻፍቱን ምልክቱ ላይ አቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ክራንኩን 90 ዲግሪ ወደፊት አምጥታችሁ ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘውን ቼን ወይም ችንጋ ግጠሙ። ካምሻፍት የሚዞረው ፒስተን መሃል ላይ እያለ፣ ክራንክ የሚዞረው ካምሻፍት ምልክቱ ላይ እያለ ነው። የካምሻፍቱን ክዳኖች ስታስሩም ፒስተኖቹ መሃል ላይ ይሁኑ፤ ክዳኑ ሲጠብቅ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ወደ ታች ይገፋቸዋልና። አንዱን ክዳን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድም ካምሻፍት ይሰብራል፤ ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ።

እዚህ ላይ የድሮ ኮሮላ ልማድ ብዙ ሰው ያሳስታል። 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ችንጋው ቢበጠስም ቫልቩ ፒስተኑን አይነካም፤ እዚያ ላይ የሠለጠነ እጅ ስህተቱ ዋጋ ስለማያስከፍለው ስህተት መሆኑን ሳያውቅ ይኖራል። ያው እጅ ወደ ቪትዝ 2ኤንዜድ ሞተር ወይም ወደ ሃይሉክስና ዶልፊን «ኤል» የዲዝል ሞተሮች ሲዞር ነው ጉዱ የሚፈላው። በዲዝል ላይ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቫልቩ መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። የዲዝል ጓርኒሲዮንም ፒስተኑ ከሞኖብሎኩ ፊት ብቅ በሚልበት ልክ የሚመረጥ የውፍረት ደረጃ አለው። ሱቅ ያለውን ቀጭን ገዝቶ መግጠም ያንኑ ጠባብ ክፍተት መብላት ነው፤ የቀድሞው ጓርኒሲዮን ላይ ያለውን የውፍረት ምልክት ሳታዩ አትግዙ።

ቫልቭ ሞተሩ ላይ ሳይደርስ ወለል ላይም ይጣመማል። ካምሻፍት የታሰረበት ቴስታታ ላይ የተከፈቱት ቫልቮች ከፊቱ በታች ወጥተው ይታያሉ። ያንን ቴስታታ ሲሚንቶ ላይ በፊቱ ስታስቀምጡት ሙሉ ክብደቱ በነዚያ በሁለት በሦስት ቫልቮች ላይ ያርፋል። ሁለት ጣውላ ጫፍና ጫፉ ላይ አድርጋችሁ አሳርፉት፤ ወይም በጎኑ አስቀምጡት።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር። ችንጋ ወይም ቼን ገጥሞ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ በቀጥታ ቁልፍ መምታት! ሹፌሩ ቡና ሊጭን ቸኩሏል፣ መሽቷል፣ ዝናቡም ደርሷል፤ አንዳቸውም ምክንያት አይሆኑም። ስታርተር ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል፤ ምልክቱ ከተሳሳተ ቫልቩ ሳትሰሙት ይጣመማል። በእጅ የማዞሩ ሥራ ግን ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ካንዴላዎቹን፣ በዲዝል ካንዴሌታዎቹን፣ ፍቱ፤ ያኔ የአየር ግፊቱ ስለሚጠፋ እጃችሁ የሚሰማው ብረት ብቻ ይሆናል። የክራንኩን ቡሎን በመፍቻ ይዛችሁ በቀስታ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ክራንክ ሁለት ሲዞር ካምሻፍት አንዴ ስለሚዞር አንድ ዙር ብቻ ግማሹን ነው የሚያሳየው። ደርቆ የቆመ ቦታ ካጋጠማችሁ መፍቻው ላይ ቱቦ አትጨምሩ፤ ትንሽ መልሱና ምልክቱን እንደገና እዩ። ሁለቱ ዙር ሲያልቅ የክራንኩና የካምሻፍቱ ጥርሶች ምልክት ተመልሶ መግጠም አለበት። የቼኑ ቀለም የተቀቡ ቀለበቶች ግን በዚያ ቦታ አይገኙም፤ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ጠፉ ብላችሁ ደህናውን ሥራ አታፍርሱ። ቴንሽነሩ (ቼኑን የሚወጥረው) መለቀቁንም አረጋግጡ፤ የላላ ቼን ሲነሳ ጥርስ ይዘላል።

ሳይጣመም የሚበላሽ ቫልቭም አለ። የቫልቩ መቀመጫ ሲፈጭ ቫልቩ ወደ ላይ ስለሚወጣ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ሳይለካ ከተገጠመ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል ጠርዙ ይቃጠላል። 2ኤንዜድ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የማስገቢያው ከ0.17 እስከ 0.23 ሚሊሜትር፣ የማስወጫው ከ0.27 እስከ 0.33 ሚሊሜትር ነው። በጆሮ የሚለካ ክፍተት የለም።

መቀመጫው የተፈጨበትን ፓስታ በደንብ አጥቡ፤ ጋይዱ (የቫልቩ ግንድ የሚመላለስበት ቱቦ) ውስጥ ከቀረ ግንዱን ይበላዋል። ቫልቮችን አታቀላቅሉ፤ እያንዳንዱ የሚዘጋው በለመደው መቀመጫ ላይ ነው። ሞላውን የሚይዙት ሁለት ግማሽ ቁልፎች መያዛቸውን በፕላስቲክ መዶሻ ጫፉን መታ መታ አድርጋችሁ ፈትኑ፤ አንዱ ካመለጠ ቫልቩ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ አትተዉ፣ ሞኖብሎክ ይሰነጥቃል።

ቴስታታውን ከማውረዳችሁ በፊት በጎኑ አስቀምጡትና መጀመሪያ በማስገቢያ፣ ከዚያ አገላብጣችሁ በማስወጫ ቀዳዳዎቹ ቤንዚን አፍስሱ። ካምሻፍቱ ሳይታሰር ሁሉም ቫልቭ ዝግ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በቫልቩ ጠርዝ የሚያረጥብ ካለ ያ ቫልቭ አልተቀመጠም። አውጡት፤ ግንዱን መስታወት ላይ አንከባልሉት። የቫልቩ ራስ ከተወዛወዘ ጠምሟል፤ ለማቃናት አትሞክሩ፣ ቀይሩት።