ከድሬዳዋ ጅግጅጋ በቅጥቅጥ፦ የቡድን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል

ከናይሮቢ ኬፕታውን ድረስ ሃያ የሚሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች የጭነት መኪና ላይ በተሠራ የመንገደኛ ክፍል ተሳፍረው ለሳምንታት ይጓዛሉ። ድንኳኑም ምድጃውም ውሃውም እዚያው መኪናው ላይ ነው፤ ምግቡ በተራ ይበስላል፣ አስቤዛው ከጋራ ገንዘብ ይገዛል። ወጪው ይቀንሳል፣ አውቶቡስ የማይቆምበት ቦታ ይቆማል። ክፉ ጎኑ ያው ቡድኑ ነው፦ አንዱ ሲያረፍድ ሁሉም ያረፍዳል፣ አንዱን ሆዱን ሲያመው ሁሉም ይቆማል።

ድሬዳዋ ላይ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚሆነው ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ ማለትም የአውቶቡስ አካልና ወንበር የተሠራለት የጭነት መኪና ነው። ጭነት አይሱዙ ላይ ሸራ ዘርግቶ ሰው መጫን ግን አይታሰብ፤ ያስቀጣል፣ ሲገለበጥም የሚይዝ ነገር የለም። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ ጅግጅጋ ደርሶ መልስ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አጭር ስለሆነ ሰው ሳይነጋገር ይነሣል፤ አብዛኛው ጠብ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከመነሻችሁ ሳምንት አስቀድማችሁ እንደ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ ምረጡ። መነሻ ሰዓትንና ማቆሚያ ቦታን ዳኛው ይወስናል፤ ገንዘቡን ጸሐፊው ይይዛል። ገንዘቡ ለሦስት ይከፈል፦ ለመኪና፣ ለምግብ፣ የጠቅላላው አንድ አሥረኛ ደግሞ ለመጠባበቂያ። ሰው ከጉዞው ቢቀርም የመኪናው ድርሻ እንደማይመለስለት በመጀመሪያው ቀን ይነገር። አለዚያ 18 ሆናችሁ የተካፈላችሁት ኪራይ፣ ሦስት ሰው መነሻው ዋዜማ ላይ ቢቀር የቀሪዎቹን የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በአንድ አምስተኛ ከፍ ያደርገዋል። ቂም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

መኪናው 25 ወንበር ካለው 18 ሰው ይበቃዋል፤ የተረፈው ቦታ ለዕቃ ነው። የመጨረሻው ወንበር ከኋላ አክስል በስተጀርባ ስለሚውል፣ ባሌስትራውም (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ምንጣፍ) ለጭነት የተሠራ ስለሆነ፣ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ከወንበሩ የሚነሣው እዚያ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሁሉም ሁለት ረድፍ ወደፊት ይለፍ፣ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ይዙሩ። ወገቡን የሚያመውና ነፍሰ ጡር ከተራው ውጭ መሐል ይቀመጡ።

ስለ ድስቱ በደንብ ተነጋገሩ። የድሬዳዋ ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። የሚያዋጣው የጋራውን ድስት ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ ማድረግ ነው። ሥጋ ያማረው ሐረር ወይም ጅግጅጋ ሲደረስ በራሱ ገንዘብ ይብላ። ለ18 ሰው አንድ ገበታ ሽሮ 1.2 ኪሎ፣ ሽንኩርት 1.5 ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር ያህል ይፈጃል፤ ፓስታ ከሆነ ባለ 500 ግራም አራት እሽግ። እንጀራ በዚህ ሙቀት በላስቲክ ከታፈነ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሶብ ውስጥ አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ድርቆሽና በሶ ያዙ። በየቀኑ ሦስት ሰው ያብስል፣ ሦስት ሰው ይጠብ፤ ያበሰለ አያጥብም።

ለመጠጥ በቀን ለሰው 4 ሊትር፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ 3 ሊትር አስቡ። ለ18 ሰው 126 ሊትር ይሆናል፤ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ጄሪካኖቹን ፖርቶመጋላው፣ ማለትም የጣሪያው ዕቃ መጫኛ ላይ አትስቀሉ። 140 ኪሎ ከጣሪያ በላይ ሲሆን መኪናው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ኩርባ ላይ ይወዛወዛል። ወለል ላይ፣ በሁለቱ አክስል መካከል ይታሰሩ። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ብቻ ይውጣ።

መኪናውን ስትዋዋሉ ናፍታ፣ የሹፌሩና የረዳቱ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። ቦሎው ያላለፈ፣ ሦስተኛ ወገን መድኑ ያልተቃጠለ፣ ከመደበኛ መስመሩ የሚወጣበት ፈቃድ ያለው ይሁን። መንትያ የኋላ ጎማዎቹ መካከል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ሳይወጣ ከሄደ ሁለቱንም ጎማ ይበላል። ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት መኖሩን አረጋግጡ። ክሪክ ሲኖር ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም ይኑር፤ ባቢሌ አካባቢ አሸዋው ክሪኩን ይውጠዋል።

ከድሬዳዋ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ውጡ። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሙሉ ጭነት ይዞ መውጣት ሞተር ያሞቃል። ከሞቀ ጥላ ሥር አቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትክፈቱ፣ የሚፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሐረር ስትደርሱ መኪናውን ከጀጎል በር ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ከባቢሌ በኋላ ዳካታ ላይ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩት ድንጋዮች ጋ ውረዱ፤ መውጣት ግን ይቅር። ለማደር የቀበሌውን አስተዳደር ወይም የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳታስፈቅዱ ድንኳን አትትከሉ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጉዞ ይቁም፤ ግመል ከጨለመ በኋላ አስፋልት ላይ ይቆማል፣ ከቅርብ ካልሆነ አይታይም።

ኬላ ላይ ጊዜ የሚቆጥበው የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ነው፤ ሦስት ቅጂ ያዙ፣ መታወቂያም ከእጅ አይራቅ። ከጅግጅጋ መልስ ላይ የኮንትሮባንድ ፍተሻው ይበረታል። አንድ ሰው ጨርቅ ወይም ስልክ በብዛት ከገዛ መኪናው ከነሰዉ ይቆማል፣ ሌላው ሁሉ ስለ እሱ ያድራል። ከአንድ ሰው የግል ፍላጎት በላይ የሆነ ዕቃ እንደማይጫን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ዳኛውም ጅግጅጋ ላይ ሳትነሡ ሻንጣዎቹን ይመልከት።

ትልቁ አደጋ በመልስ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ሁሉም ደክሞ፣ ቤቱ ናፍቆት የሚወርደው። ሹፌሩ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ይውረድ፤ ናፍታ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ፈጽሞ አይፈቀድለት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትም ይጠፋል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ወዲያው ይቁም፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። የጋለ የፍሬን ከበሮ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። በራሱ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ቁልቁለቱ ሳይጀመር ደንገጎ ላይ ፍሬኑና ጎማው ሲታይ ጸሐፊው ሒሳቡን ያንብብ፣ የተረፈውንም እዚያው ያካፍል። ድሬዳዋ ከተገባ በኋላ አንዱ ገንደ ቆሬ፣ አንዱ ከዚራ፣ አንዱ መጋላ ወርዶ ይበተናል፤ ያን ጊዜ ለሒሳብ የሚሰበሰብ ሰው አይገኝም።