የሎሚ ቅጠል ሲጠቁር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ግቢው ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው ደውሎ የሚነግረኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ቅጠሉ ጥቀርሻ ለበሰ።» ሌሎቹን ችግሮች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸውና ጥቁረቱ ላይ እንቆያለን።

ቅጠሉ ላይ ጠመዝማዛ ብርማ መስመር፦ ለጋ ቅጠል የሚሰረስር ዕጭ ነው። ትልቅ ዛፍ ይችለዋል። ተዉት።

ለጋው ተጨማዶ ክሽክሽ ከወረረው፦ በውሃ ግፊት እጠቡት።

ቅጠሉ ከላይ እብጥብጥ፣ ከሥር ጎድጓዳ፦ ትሪዮዛ የምትባል ነፍሳት ናት። ግሪኒንግ የተባለውን መድኃኒት የሌለው በሽታ ስለምታስተላልፍ ከዚያ ግቢ ችግኝም ቅርንጫፍም አትውሰዱ።

ፍሬው ተበስቶ ሲረግፍ፦ የወደቀውን በየቀኑ ለቅማችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ።

ቅጠሉ ሲጠቁር

ጥቁሩ ሻጋታ ነው። በአውራ ጣት ስታሹት ይላጣል፣ ከሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ነው። የሻጋታ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሻጋታው የሚያድገው ነፍሳት በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ቅጠሉን ገልብጡት። ነጭ ሱፍ የሚመስል ነገር ከተለጠፈበት፣ ሱፍ ለባሹ ነጭ ዝንብ ነው።

ይህ ነፍሳት ጠላት አለው። ካሌስ ኖአኪ የምትባል፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ቢጫ ተርብ ናት። የነጭ ዝንቡ ግልገል ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ዕጯ ከውስጥ በልታ ትጨርሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ውስጥ ይህን ነጭ ዝንብ ያስታገሰችው እሷ ናት።

ታዲያ የእኛ ዛፍ ለምን ይጠቁራል? አንደኛ፣ መርጨት። ቡራዩ ያሉ አንዲት እናት ማላታይን በየሳምንቱ ያስረጩ ነበር። ሱፉ እየወፈረ ሄደ። ግልገሉን ሱፉ ይከልለዋል፣ ተርቧ ግን ትሞታለች። «እትዬ፣ በቃ መርጨቱን ይተዉት» አልኳቸው። ምን እንደሆነ የማይታወቅ መድኃኒት በሃይላንድ እየቀዱ የሚሸጡት ሰዎች ያናድዱኛል፤ እባካችሁ አትግዙ። ልጆች ውሃ መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ!

ሁለተኛ፣ ጉንዳን። ጣፋጩን ስለሚልስ ነጭ ዝንቡን ይጠብቃል፣ ተርቧን ያባርራል። ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከላዩ በፕላስተር እሰሩ፣ ፕላስተሩ ላይ ግሪስ ቀቡ። ግሪስ ልጡን አይንካ። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ በጭራሽ! ልጡ ተሰነጣጥቆ የደረቀ መንደሪን አይቻለሁ። አጥር ወይም የልብስ ገመድ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት፤ አለዚያ ጉንዳኑ በዚያ ይሻገራል።

ሦስተኛ፣ አቧራ። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር በበጋ ቅጠሉ ይለብሰዋል፣ ተርቧም መፈለግ ያቅታታል። ቅጠሉን ከሥር በኩል በጎማ እጠቡ። ሱፉም አብሮ ይለቃል። በጣም ከበዛ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ፣ አመሻሽ ላይ ከሥር ርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ከዚያ ታገሱ፤ ተርብ በአንድ ሳምንት አትራባም። መኖሯን ለማወቅ ሱፉን በብሩሽ ጠርጋችሁ፣ ባዶውን የግልገል ሽፋን በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ። ጀርባው ከተሰነጠቀ የወጣው ነጭ ዝንብ ነው። ክብ፣ ንጹህ ቀዳዳ ካለው የወጣችው ተርቧ ናት። ክብ ቀዳዳ የበዛባቸውን ቅጠሎች ስትገርዙ አታቃጥሏቸው። ያልወጡ ተርቦች ይኖራሉና ተባዩ ባለበት ዛፍ ሥር፣ ጥላ ላይ ተዉአቸው። ንጹህ ወደሆነ ግቢ ግን አትውሰዷቸው።