በከተማ ዳር የጋራ መኖሪያ መንደር ሲታቀድ፦ ከብሎኩ በፊት መማሪያ ክፍሉን መቁጠር

እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ሲነሡ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው ስንት ቤት እንደተገነባ ነው። ለዕቅድ አውጪ ግን የቤቱ ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ሥራው የሚጀመረው ቁጥሩን ወደ ሰው፣ ሰውንም ወደ አገልግሎት በመለወጥ ነው።

በ50 ሄክታር ላይ 5,000 ቤት ሊሠራ ታስቧል እንበል። በአንድ ቤት አራት ሰው ቢገመት ነዋሪው 20,000 ይሆናል። ከነዚህ አምስተኛው እጅ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማር ቢሆን 4,000 ልጆች ይኖራሉ፤ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢቀመጥ እንኳ 80 መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል። በየክፍል ደረጃው ሦስት ምድብ ያለው ትምህርት ቤት 24 ክፍል ብቻ ስለሚኖረው ሦስት ትምህርት ቤት አይበቃም፤ የአራተኛው ቦታ ካልተያዘ ልጆቹ በፈረቃ ይማራሉ፣ አለዚያም በየማለዳው ታክሲ ይጋፋሉ። ለጤና ጣቢያ፣ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለመጫወቻ ሜዳም ይኸው ስሌት ይሠራል።

ቀጥሎ መሬቱ ይከፈላል። 10ኛው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ስፍራ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚል መርሕ አለው፤ በምሳሌያችን 15፣ 15 እና 20 ሄክታር ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቹም ከዚያው 20 ሄክታር ስለሚቀነሱ ቤቱን ወደ ላይ ማሳደግ ግድ ይላል። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ማማሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ክፍት ሆኖ የቆየ ቦታ ለሌላ ሥራ መፈለጉ አይቀርምና የትምህርት ቤቱና የሜዳው ይዞታ ገና ከመነሻው ለብቻው ካርታ ሊወጣለትና ሊታጠር ይገባል።

ብዙ ጊዜ ተገቢውን ትኩረት የማያገኘው የጋራ መገልገያ ሕንፃው፣ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው ነው። የበዓል ዋዜማ በግ ገመዱን እየተጎተተ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ በማግስቱም ደሙ በደረጃው ሲወርድ ያየ ሰው ይህ ሕንፃ ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳል። ስለዚህ ኮሚናሉ ለእርድ የሚሆን በቀላሉ የሚታጠብ ወለልና ሰፊ የፍሳሽ መውረጃ፣ ለልብስ አጠባ የሚበቃ ውኃ፣ ለእንጀራ ምጣድ የሚችል የኤሌክትሪክ መስመር እንዲኖረው በዲዛይኑ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከዳገት በላይ ወይም ከመንገድ ማዶ ከተሠራ የሚጠቀምበት አይኖርም፤ ውሎ አድሮ መጋዘን ይሆናል። ከየብሎኩ ፊትም የለቅሶና የሰርግ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ያስፈልጋል። እድሩ መኪና ማቆሚያውን ዘግቶ ድንኳን የሚጥለው ወዶ አይደለም።

የንግድ ቤቶች በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ብሎኮች ምድር ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ሁሉም በጨረታ ብቻ የሚተላለፉ ከሆነ ግን አትክልት ቸርቻሪዋ ልትከራያቸው ስለማትችል ጣሪያ ያለው የጉልት ቦታ ለብቻው ይያዝ። ከመሬቱ የተነሣው አርሶ አደርም ከካሳው ባሻገር ከነዚህ የንግድ ቤቶች ድርሻ ቢኖረው ተገቢ ነው እላለሁ።

የውኃ ግፊት ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕና የጣሪያ ታንከር አብረው ይታቀዳሉ፤ የፍሳሽ ማጣሪያውም ከመጀመሪያው ነዋሪ በፊት ሥራ መጀመር አለበት።

የመጨረሻው ሥራ የርክክብ መርሐ ግብሩ ነው። 5,000ውን ቤት በአንድ ቀን ከማስተላለፍ በአምስት ዙር መክፈል ይሻላል፤ በየዙሩ 1,000 ቤት ሲተላለፍ 16 መማሪያ ክፍል አብሮ ይከፈት፣ የአውቶቡስ መስመርም ይመደብ። ይህም ቅድመ ሁኔታ ሆኖ በውል ይስፈር፤ የትምህርት፣ የውኃና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ዝግጁ መሆናቸውን በፊርማ ሳያረጋግጡ የዚያ ዙር ቁልፍ አይሰጥም።